ስለ በቀለችው እጅ የተሟገትንበት ክረምት

በሕይወቴ ከማመሰግናቸው መካከል አንዱ ኖሮ የማያውቅ፣ ጃፓኖች በሥዕል የፈጠሩት፣ ቀይ ካባ የለበሰ ክፉ ሰው ነው። የመሪጌታ ልጅ ይህን ስትናገር ሰምቶ የሚያማትብ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ያኔ ቢነግሩኝ እኔም አማትብ ነበር። ግን የዋለልንን ውለታ ዝም ብዬ ልዋጠው ብል ሆዴ እሺ አይለኝም።

ቤታችን ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ትንሽ ወጣ ብሎ ከደብሩ ጋር አጥር ይጋራል። አባቴ የአቋቋም መምህር ነው። ጸናጽሉ የት ላይ እንደሚመታ፣ መቋሚያው መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚወርድ፣ እግር ከዜማው ጋር እንዴት እንደሚሄድ ያስተምራል፤ ትርጓሜም ተምሯል። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራው የኔታ ብሎ ነው። እናታችን ልጆች ሳለን ስላረፈች እኔንና ታናሽ ወንድሜን ብቻውን አሳደገን።

ወንድሜ ለአባቴ ልጁም ተማሪውም ነበር። ለትምህርት ሲቀመጥ «የኔታ» ብሎ አንቱ ይለዋል፤ ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ «አባዬ» ብሎ አንተ ይለዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አባቴ ከሚያስተምርበት የግቢ ጎጆ እስከ ሳሎናችን ያለው ነው። «አንቱታህን መንገድ ላይ ነው የምትጥላት?» እያልኩ አበሽቀው ነበር። እሱም ሳይሥቅ «አዎ፣ ደጃፉ ላይ አስቀምጣታለሁ» ይለኛል።

አንድ ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ድብ ባሕር ያሉ ዘመዶቻችንን ሊጠይቅ ሄደ። እህል ሊያስፈጩ ሲወጡ ጆንያ ላግዝ ብሎ አብሯቸው ወጣ። ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ የጋቢውን ጫፍ ያዘ፤ ከጋቢው ጋር ቀኝ እጁን ሳበው። ጎንደር ያደረሰው እህል የጫነ መኪና ነው። ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉልን፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ እጁ ግን ከአንጓው ከፍ ብሎ ተቆረጠ።

ጸናጽል በቀኝ እጅ ነው የሚያዘው፤ መቋሚያው በግራ። ወንድሜ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተማረው ይህንኑ ነው፤ ሌላ ሙያም አልነበረውም፣ አልፈለገምም። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አልረገጠም። በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ጸናጽሉ እንደ ወትሮው ተንጠልጥሎ ስለነበር፣ የሚቀመጥበትን ወንበር አዙሮ ጀርባውን ሰጠው። አባቴን የሚጠራው «አባዬ» ብሎ ብቻ ሆነ። «የኔታ» የሚለው ቃል ከቤታችን ወጣ።

«እጅ» የሚለው ቃልም አብሮ ወጣ። ማስታጠቢያ ይዤ ስመጣ እንኳ «ና ታጠብ» እላለሁ እንጂ «እጅህን» አልልም። አባቴም ድርሳን ሲያነብ እጅ የሚል ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ እሰማው ነበር። ሦስታችን እንዲህ ቃል እየመረጥን ክረምት ገባ። አባቴ ደግሞ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ምን እንደሚጠብቅም አይናገርም።

ዝም የማይለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የወንድሜ አብሮ አደግ፣ ባለ ባጃጁ። ይህ ልጅ ሲፈጠር ጥንቃቄ የሚባል ነገር ዘለውታል። ዝናቡ ሥራ ሲያቀዘቅዝበት ባጃጁን በራችን ላይ ያቆምና፣ ጫማውን ሳያራግፍ ገብቶ፣ ወንድሜን «ያችን ጉማጅህን ወዲያ አድርጋትና ልቀመጥ» ይለዋል። ደሜ ይፈላል። ከቤት ላባርረው የተነሣሁበት ጊዜ ቁጥር የለውም። ወንድሜ ግን ዝም ብሎ ጠጋ ይልለታል።

ባለ ባጃጁ ሁልጊዜ ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ልጆች ሳለን ጀምሮ ሦስታችን የአኒሜ ሱሰኞች ነበርን፤ እኔ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ከያዝኩ በኋላም አልተውኩትም። ፊልም ቤት ሄዶ አዲስ የወጣውን ክፍል ያስጭናል፣ በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ እናያለን፣ እንጨቃጨቃለን። ከአደጋው ወዲህ ግን ወንድሜ ያያል እንጂ አይጨቃጨቅም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፤ እሱ የት እንዳለ ግን እንጃ።

ያ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት የለም፣ የላፕቶፑ ባትሪም የተወሰነ ነው። የዚያ ተከታታይ ፊልም ክፉ ሰው፣ ቀይ ካባ ለባሹ፣ ስሙ ለአፋችን ስለማይመች «ቀይ ካባ» እንለዋለን። አይሞትም። የቆረጡት አካሉ መልሶ ይበቅላል። በቀደሙት ክፍሎች ጣት፣ ጆሮ፣ አንድ ጊዜ እግር በቅሎለታል፤ ይህን ለምደነዋል። የዚያን ቀን ግን ጀግኖቹ መጀመሪያ ቀኝ እጁን ከክንዱ ቆረጡት። እኔ እዚህ ላይ ፊቴ ጋለ። እጁ እዚያው በቀለች። ከዚያ ይዘውት በነፋስ ወደሚዞር ትልቅ ወፍጮ ወሰዱትና ከነካባው ድንጋዮቹ መካከል ጣሉት። ፈጩት። ዱቄቱን ነፋስ ወሰደው። ክፍሉ ሲያልቅ ሰውዬው ሜዳ ላይ ቆሟል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ወፍጮ! ከዓለም ነገር ሁሉ ወፍጮ! ወንድሜን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ባለ ባጃጁ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ ያጨበጭባል። «አላልኋችሁም? አላልኋችሁም? ይኸ ሰውዬ ምንም አይሆንም! ፈጭተው ቢበትኑትም ይነሣል!»

እግሩን ረገጥኩት።

«ምነው? ምን አረግሁሽ? ምን ትረግጪኛለሽ?»

«አይነሣም» አለ ወንድሜ።

ዞር አልኩ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ እዚያው ቤት ውስጥ ነበረ።

«እንዴት አይነሣም? ቆሞ እያየኸው!»

«የቆመው ሥጋው ነው። እስኪ መልሰው፤ እጁ ከበቀለች በኋላ ያለውን መልሰው።»

መለስነው። «ያቺ የበቀለች እጅ ሰይፍ ስትጨብጥ አይተሃል? እያት። ሰይፉን የመዘዘው በግራው ነው። ባለፈው ክፍል በቀኙ አልነበር የሚመዘው? እጁን አበቀለ እንጂ እጁ የምታውቀውን አላበቀለም። ያቺ እጅ ትናንት የተወለደች ናት፤ ምንም አታውቅም።»

እውነቱን ነበር። እኔ እንኳ ልብ አላልኩም። ባለ ባጃጁ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረታ አይደለም፤ «ካባው ስለያዘው ነው!» አለ። «የምን ካባ!» አለ ወንድሜ። «አንተ ኃይሉን አሳንሰህ ነው!» «አንተ አጋነህ ነው!» ድምፃቸው ከዝናቡ በላይ ሆነ። «ይነሣል!» «አይነሣም! ተፈጭቶ የተበተነ አይነሣም! ተነሣ የምትለው ባዶ ሥጋ ነው!»

የጓዳው በር ተበረገደ።

አባቴ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ ያነበው የነበረውን መጽሐፍ በጣቱ እንደያዘ ቆሟል። «አይነሣም ያለው ማን ነው?» አለ።

ባለ ባጃጁ ወደ ሶፋው ጀርባ ሸሸ።

«በዚህ ቤት ነው? በእኔ ቤት ነው ሰማዕቱ አልተነሣም የሚባለው?»

መጀመሪያ አልገባኝም፤ ሲገባኝ አፌን ይዤ ቀረሁ። እኛ ቤት ተፈጭቶ፣ ተራራ ላይ ተበትኖ የተነሣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚታወቀው፤ ገድሉን በየዓመቱ ስንሰማው ያደግነው ሰማዕት። አባቴ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ የሰማው ፈጩት፣ በተኑት፣ አይነሣም የሚለውን ነው። ሌላ ቤት ቢሆን ፊልም ነው ብሎ የሚያልፍ አባት አይጠፋም ነበር። የእኔ አባት ልጁ ገድል ክዶ ነው ብሎ መጣ።

«አባዬ፣ ሰማዕቱን አይደለም» አልኩ። «ካርቱን ነው።»

«የምን ካርቱን?»

«የጃፓን። ክፉ ሰው ነው፤ ሲቆርጡት ይበቅላል።»

አባቴ ላፕቶፑን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ባለ ባጃጁን አየው። ባለ ባጃጁ ግማሽ ሰውነቱን ሶፋው ጀርባ ደብቋል። ከዚያ ወንድሜን አየው። የወንድሜ ፊት ከክርክሩ ትኩሳት የተነሣ ቀልቷል፤ ግራ እጁ አሁንም አየር ላይ ናት። አባቴ እሱን እንደዚያ ሆኖ ካየው ስንት ጊዜው ነው!

«ክፉ ከሆነ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ፣ «ለምን ይነሣል?»

«እሱን እኮ ነው የምንሟገተው የኔታ!» አለ ባለ ባጃጁ ከሶፋው ጀርባ።

አባቴ መጽሐፉን ዘግቶ ተቀመጠ። «ንባቡ ሳይታይ ትርጓሜ የለም። ንባቡን አምጡት።»

እንዲህ ሆኖ የኔታ፣ በሕይወቱ ሲኒማ ገብቶ የማያውቅ ሰው፣ ከወንድሜና ከባለ ባጃጁ መካከል ተቀምጦ ቀይ ካባ ሲፈጭ አየ። ደም ባየ ቁጥር ያማትባል። ሰይፉ ጋ ሲደርስ «አቁሙት» አለ። «የቱ ጋ ነው በግራው መዘዘ ያልከው?»

ወንድሜ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። «እዚህ ጋ ነው። የኔታ፣ ልብ ይበሉ፤ ቀኙ ባዶ ናት።»

የኔታ አለው። አንቱ አለው። ወንድሜ ያለውን ልብ ያለ አይመስለኝም። አባቴ ግን ጉልበቱን ያሽ የነበረው መዳፉ ባለበት ቆመ። እኔ የዝናብ ውሃ ልይዝበት ያስቀመጥኩት ባልዲ ሞልቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ወጣሁ፤ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆሜ እንባዬን ከዝናቡ ጋር ለቀቅሁት።

ስመለስ ሙግቱ ተጀምሯል። አባቴ አንድ የማይተወው የማስተማር ልማድ አለው፤ ተማሪው አንድ ሐሳብ ሲይዝ እሱ ተቃራኒውን ይዞ ይሟገታል፣ ተማሪው የያዘውን እስኪያጠብቅ ወይ እስኪለቅ። ለቀይ ካባም ይኸው ሆነ፤ መሪጌታው የክፉው ሰው ጠበቃ ሆነው ቁጭ አሉ። ባለ ባጃጁ ደስታውን አልቻለውም።

«እጅቱ ሰይፍ አልጨበጠችም ብለሃል» አለ አባቴ። «ሸጋ። አንድም ስላልቻለች ነው፤ አንድም ስላልተማረች ነው። ከሁለቱ የትኛው ነው?»

«ለውጥ የለውም፣ የኔታ። አልጨበጠችም።»

«አለው እንጂ። ካልቻለች ኃይሉ ጎደሎ ነው። ካልተማረች ግን ኃይሉ ሙሉ ነው፤ የጎደለው መምህር ነው።»

«መማር ካስፈለጋትማ ምኑን ኃይል ሆነ? እሱንማ ማንም ሰው ይችለዋል።»

«ማንም ይችለዋል?» አለ አባቴ። ባትሪው አልቆ ላፕቶፑ ጠፋ፤ መልሱም እዚያው ቀረ።

ከዚያ ቀን በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሙግት ነው። አባቴ ከማኅሌት ሲመለስ ነጠላውን እየሰቀለ «ያ ሰውዬ ዛሬ ምን በቀለለት?» ብሎ ይጠይቃል። የዱቄቱ ነገር ሲያከራክረን ሰነበተ፤ ነፋስ የወሰደውን ዱቄት ሁሉ ሰብስቦ ነው የበቀለው ወይስ ከአንዲት ቅንጣት? ባለ ባጃጁ ከአንዲት ቅንጣት ይላል። እኔ እንደዚያማ ከሆነ ከሌላው ቅንጣትም ሌላ ቀይ ካባ መብቀል ነበረበት ብዬ ሞገትኩ፤ አባቴም «ይህች ልጅ ጉባኤ ብትገባ ኖሮ!» አለ። እስካሁን ከሰማኋቸው ምስጋናዎች ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

አንዳንዱን ቀን ግን ሙግቱ ያስፈራኝ ነበር። ወንድሜ «አዲስ እጅ ምንም አታውቅም» የምትለዋን ነገር ነክሶ ይዟል። ሲደጋግማት የሚናገረው ስለ ካርቱን እንዳልሆነ ለማንም ግልጽ ነው። አንድ ጠዋት አባቴን ግቢ ውስጥ ብቻውን አገኘሁትና፣ «ቁስሉን ምነው ትነካካበታለህ? ተወው እንጂ!» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«እኔ አልነካሁትም» አለኝ። «ያወጣው እሱ ራሱ ነው። እኔ መልሶ እንዳይዘጋው በሩን ይዤለት ነው።»

ዝናቡ እየሳሳ ሲመጣ፣ አንድ ቀን ለምሳ ወደ ቤት መጣሁ። አባቴ ደብሩ ላይ ነው። የግቢውን በር ከፍቼ ሳልገባ ድምፅ ሰማሁ። ጸናጽል ነው። ግን እንዴት ያለ ጸናጽል! ከምቱ ይቀድማል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴ እንደ ወደቀ ሳህን ይንኳኳል። ይቆማል። ትንፋሽ ያህል ዝም ይላል። ደግሞ ይጀምራል። የወንድሜ ድምፅ ከሥሩ ያዜማል፤ ዜማው አልተሳሳተም፣ ፍጹም ነው፤ ግራ እጁ ናት የማትከተለው። የሳሎኑ በር አጠገብ ያለው ምስማር በሐሳቤ ታየኝ፣ ባዶውን።

ገብቼ ላቅፈው ፈለግሁ፤ ብገባ ግን እንደሚያስቀምጠው አውቄአለሁ። በሩን ቀስ ብዬ መልሼ ምሳዬን ሳልበላ ወደ ሥራ ተመለስኩ።

ለአባቴ አልነገርኩትም። ለባለ ባጃጁ ግን ነገርኩት፤ ለአንድ ሰው ካልተናገርኩ እሞት ነበር። ያ ለፍላፊ የባጃጁን መስተዋት በእጅጌው ወለወለ። ከዚያ «የዛሬው ሸጋ ቀን ነው» ብሎ ባጃጁን አስነሣ።

የደብራችን ንግሥ ክረምቱ እንደወጣ ነው። በዋዜማው ወንድሜ አባቴ ፊት ቆመና «ነገ እቆማለሁ» አለ። «ደግ» አለ አባቴ። ሌሊት ጥምጥሙን የጠመጠምኩለት እኔ ነኝ። ነጠላውን ሳለብሰው «እጅህን አንሣ» አልኩት። አነሣት፤ ያችኑ። ሁለታችንም ልብ አልነው።

ማኅሌት ላይ መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ትይዩ ይቆማሉ። ሁሉም ጸናጽል በቀኝ፣ መቋሚያ በግራ። መቋሚያዎቹ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ የጎንደር ሰው ዓይን አንዲት የተዛባች መቋሚያ አታመልጠውም። ወንድሜ መቋሚያውን በቀኝ ብብቱ ሸጉጦ፣ ጸናጽሉን በግራው ይዞ፣ ከረድፉ ጫፍ ቆመ። ብቻውን ከሰው ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው። እኔ በሴቶች በኩል ሆኜ ነጠላዬን ነክሻለሁ። ፊቱ አመድ መስሏል። ጥሎ ሊወጣ ነው ብዬ ሰጋሁ።

ከማዶው ረድፍ መካከል አባቴ ቆሟል። ወንድሜን አየው። ከዚያ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ጸናጽሉን ከቀኙ ወደ ግራው አዛወረ፤ መቋሚያውን ከግራው ወደ ቀኙ።

ወረቡ ተጀመረ፤ አባቴም ተሳሳተ።

ጸጉሩ የሸበተው በዚህ ሙያ ነው። ከእሱ ተምረው መምህር የሆኑ በየደብሩ አሉ። ግራ እጁ ግን እንደ ጀማሪ ተማሪ እጅ ምቱ ካለፈ በኋላ ትደርሳለች። ሁለተኛውንም ሳተው። ሦስተኛውንም። ከጎኑ ያሉት መሪጌታ በጎን አዩት፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ከንፈሩን ነከሰ። አባቴ ላብ በግንባሩ ላይ እየወረደ፣ በሰው ሁሉ ፊት እየተሳሳተ፣ አልመለሰውም፤ ጸናጽሉ በግራው እንዳለ ቀጠለ። ይህን ሰው አባቴ አድርጎ ለሰጠኝ አምላክ የማቀርበው ምስጋና መቼም አይበቃም።

ወንድሜ አየው። መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ገባው። የራሱ ጸናጽል ያማረ ነው አልልም፤ ግን ምቱ ላይ ታርፋለች። በድብቅ ያስተማራት እጅ ናት። ቀና አለና፣ አባቴ ለጀማሪዎች እንደሚያደርገው፣ ምቱ ከመድረሱ በፊት ጸናጽሉን ወደ አባቴ ትንሽ ዘንበል አደረጋት። አባቴ ዓይኑን እዚያ ላይ ተክሎ ተከተለው። ልጁ ሲያሳየው ምቱን አገኘው። እልል አልኩ። እልልታ የሚገባበት ቦታ አልነበረም፤ አጠገቤ ያሉት እናት ገላመጡኝ። ደግሜ እልል አልኩ።

የፊልሙን መጨረሻ በኋላ አየነው፤ ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም። ቀይ ካባ ግን ከእኛ ቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ዛሬም ስሙ ሲነሣ የምትሞቅ ሳሎን ናት ያለችን።

የንግሡ ቀን ታቦት ከገባ በኋላ ባለ ባጃጁ በቅጥሩ በር ላይ ይጠብቀን ነበር። አባቴ የግራ አንጓውን እያሸ መጣ። ወንድሜ ከፊቱ ቆመ፤ ፈገግታውን ሊደብቀው እየሞከረ ነው።

«የኔታ፣ ተረትተዋል» አለ። «አዲስ እጅ ምንም አታውቅም።»

አባቴ አንጓውን ማሸት ተወ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ተረታሁ፣ ተመስገን» አለ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ታስተምረኛለህ።»